የምንጠጣውን መለካት
(ጅማ ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለባህል ሐኪሞች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

ክቡራን እንግዶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ በተለይም ጥሪውን አክብራችሁ የመጣችሁ የባህል ሐኪሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ዕፅዋት መድኃኒት በተነሳ ቁጥር ሰው የሚጠይቀው «ያድናል ወይስ አያድንም?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ከሐኪሞችና ከመድኃኒት ተመራማሪዎች ይምጣ። የእኔ ሙያ ከዚያ የሚቀድመውን ይጠይቃል፦ በዚህ ቅጠል ውስጥ ምን አለ? ስንትስ አለ? ይህ ሳይታወቅ «ጠዋትና ማታ አንድ ስኒ ጠጣ» ማለት መጠኑ ያልታወቀ ነገር መስጠት ነው። ዛሬ ከሂርማታ ገበያ የተገዛ አንድ እስር ጦስኝና ከሁለት ወር በኋላ የሚገዛ ሌላ እስር ሽታቸው ቢመሳሰልም፣ የያዙት የቲሞልና የካርቫክሮል፣ ማለትም የዋና ዋና ንጥረ ነገሮቻቸው፣ መጠን እኩል ነው ማለት አይቻልም። ዝርያው፣ የበቀለበት ከፍታ፣ የታጨደበት ወቅት፣ በፀሐይ ይሁን በጥላ መድረቁ፣ ሁሉም ልዩነት ያመጣል። ኮረሪማም፣ ዝንጅብልም፣ ጤና አዳምም እንዲሁ ናቸው።

ስለዚህ መለካት አለብን። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ስለ መለካቱ ራሱ ልናገር ነው። አንድን ቅጠል ለመመርመር የምናፈሰው ፈሳሽ አለ፤ የምንፈጀው ኤሌክትሪክና ውኃ አለ፤ ናሙናውን የሚያዘጋጀው ተማሪ የሚተነፍሰው ትነት አለ። ጤና የሚሰጥ ቅጠል እንመረምራለን ብለን ጤና የሚነሳ ፈሳሽ ወደ ከተማችን ወንዝ የምንለቅ ከሆነ፣ ሥራችን ከመነሻው ጠማማ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዕፅዋት ምርመራ ዋናው መሣሪያችን ኤች ፒ ኤል ሲ የምንለው የክሮማቶግራፊ መሣሪያ ነው። በጣም በደቀቀ ዱቄት የታጨቀ ቀጭን የብረት ቱቦ አለው፤ ኮለም እንለዋለን። ናሙናው በፈሳሽ እየተገፋ በዚህ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። አብረው ወደ ገበያ ከገቡ ሰዎች አንዱ በየመደቡ እየቆመ ሲዘገይ ሌላው ሳይቆም ቀድሞ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ንጥረ ነገሮቹም ከዱቄቱ ጋር ባላቸው መሳሳብ ልክ ተራ በተራ ይወጣሉ። በመውጫው ላይ ያለው የብርሃን መለኪያ እያንዳንዱን ይመዘግባል። ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ክሴ በመሣሪያው ላይ አይደለም። የተለመደው ኮለም ርዝመቱ 25 ሳንቲሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ 4.6 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በደቂቃ 1 ሚሊሊትር ፈሳሽ ያልፍበታል። አንድ ሚሊሊትር ምንም አይመስልም። ሌትና ቀን ከሠራ ግን በ24 ሰዓት 1 ሊትር ከ440 ሚሊሊትር ያወጣል። የዚህ ትልቁ ክፍል ብዙ ጊዜ ሜታኖል ወይም አሴቶናይትራይል ነው። ሜታኖል ዓይን የሚያጠፋና የሚገድል አልኮል መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አሴቶናይትራይል ደግሞ ሰውነታችን ውስጥ ሲገባ ቀስ በቀስ ሲያናይድ ወደሚባለው መርዝ ይለወጣል።

ይህ ፈሳሽ ወደ ልቀት ገንዳ ሲደፋ ወዴት ይሄዳል? የጅማ ሰው መልሱን ካርታ ሳያይ ያውቀዋል። የከተማችን ውኃ ወደ አዌቱ ይወርዳል፤ አዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ ይገባል፤ ከዚያ ጉዞው ወደ ግልገል ጊቤ ነው። ቦዬ ላይ ከብት ይሰማራል፣ አትክልት ይለማል፣ ወፎች ይሰፍራሉ። «ጥቂት ነው፣ ውኃው ያቀጥነዋል» የሚለውን ምክንያት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አልቀበለውም። እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ ስለ ራሱ የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ወንዙ ግን አንድ ነው።

ዋጋውም ሌላ ነገር ነው። አሴቶናይትራይል ለራሱ ተብሎ የሚመረት ፈሳሽ አይደለም፤ ፕላስቲክና ሰው ሠራሽ ክር የሚሠራበት አክሪሎናይትራይል ሲመረት በጎን የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅና የመኪና ገበያ ሲቀዘቅዝ አክሪሎናይትራይል የሚፈልግ ቀነሰ፤ ከእርሱ ጋር አሴቶናይትራይልም ጠፋ። በዚያው ዓመት ለቤይጂንግ ኦሊምፒክ ሲባል ፋብሪካዎች ሥራ አቁመው ነበር፤ አይክ የተባለው አውሎ ነፋስም ቴክሳስ ያለ ፋብሪካን አስተጓጎለ። በሀብታም አገሮች ያሉ ቤተ ሙከራዎች እንኳ ፈሳሹን በራሽን እስከ መጠቀም ደረሱ። በውጭ ምንዛሪ ገዝተን፣ በመርከብና በጭነት መኪና አምጥተን ለምንሠራ ለእኛ ይህ ታሪክ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። አካባቢን የማይጎዳ ዘዴ የሀብታሞች ቅንጦት ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ በተቃራኒው ነው የማየው፦ ጥቂት ፈሳሽ፣ በአገር ውስጥ የሚገኝ ፈሳሽ፣ ከተቻለም ውኃ ብቻ የሚጠይቅ ዘዴ ለጅማ ከማንም በፊት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልግባ። ቅጠሉን የምንዘፈዝፍበትን ፈሳሽ ስንመርጥ፣ ሳናስተውለው፣ የምንጠይቀውን ጥያቄም እየመረጥን ነው።

እንዶድን እንውሰድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ከዚያ በኋላ ኬሚስቶች ያገኙትን ነው። የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣ የሚገድሉትን ሳፖኒኖች፣ ማለትም እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጡ ንጥረ ነገሮችን፣ በዚያ መልካቸው አከማችቶ አይጠብቀንም። በፍሬው ውስጥ ያሉት ሳፖኒኖች በሁለት ቦታ የስኳር ሰንሰለት የታሰረባቸው ናቸው፤ በዚህ መልካቸው ቀንድ አውጣውን አይጎዱም። ፍሬው ተወቅጦ በውኃ ሲዘፈዘፍ በራሱ ውስጥ ያለው ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ገዳዩ ንጥረ ነገር ያን ጊዜ ይፈጠራል። ፍሬውን በሜታኖል ከዘፈዘፋችሁት ግን ሜታኖሉ ኢንዛይሙን ያስቆመዋል፤ የምታገኙት ያንኑ የማይሠራውን ሳፖኒን ነው። ልብ በሉ! እናቶች በወንዝ ዳር በውኃ የሚያደርጉትን ውድና መርዛማ በሆነ ፈሳሽ የደገመ ተመራማሪ «እንዶድ አይሠራም» ብሎ ሊጽፍ ይችል ነበር። እዚህ ላይ ውኃው ርካሽና ንጹሕ ከመሆኑ በላይ ትክክለኛውም እርሱ ነው።

በየመመረቂያ ጽሑፉ የማየው ልማድ ከዚህ የራቀ ነው። ተማሪው በሻይ መልክ የሚጠጣ ቅጠል ይይዝና በሄክሴን፣ ቀጥሎ በክሎሮፎርም፣ ቀጥሎ በሜታኖል ይዘፈዝፈዋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «የቀደመው ጽሑፍ እንዲህ ስላደረገ» ይለኛል። አዲስ ንጥረ ነገር ለይቶ ለማውጣት ለሚደክም ሰው ይህ መንገድ ምክንያት አለው። ሰው ከስኒው የሚያገኘውን ለማወቅ ለሚፈልግ ግን ክሎሮፎርም ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ይመልሳል። ክሎሮፎርም የሚጠጣ ሰው የለም።

ይህን ስል ግን ሁሉም ነገር በውኃ ይሁን እያልኩ አይደለም። ኮሶ ለዚህ ጥሩ መልስ ይሰጠናል። የኮሶ ትል የሚያባርሩት ንጥረ ነገሮች በውኃ በደንብ አይሟሙም። አባቶቻችን አበባውን ፈጭተው በውኃ በጥብጠው ከነዱቄቱ ነው የሚጠጡት፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮሶን ወደ መድኃኒት መዝገባቸው ያስገቡ አውሮፓውያንም ሳይጣራ እንዲሰጥ አዘዋል። ታዲያ አንድ ተማሪ «ለአካባቢ ይበጃል» ብሎ ኮሶን በውኃ ዘፍዝፎ፣ በወረቀት አጣርቶ፣ የወረደውን ውኃ ብቻ ቢለካ መድኃኒቱን ከወረቀቱ ጋር ጣለው ማለት ነው። እዚያ ኤታኖል፣ ማለትም በመጠጥ ውስጥ ያለው አልኮል፣ ያስፈልጋል፤ ዱቄቱንም አብሮ መመርመር ያስፈልጋል። ፈሳሹን የሚመርጥልን ቅጠሉና አጠቃቀሙ መሆን አለባቸው። ደስ የሚለኝ ነገር፣ አጠቃቀሙን በቅንነት ከተከተልን አብዛኛውን ጊዜ የምንደርሰው ወደ ውኃ ወይም ወደ ኤታኖል ነው።

ኤታኖልን ካነሳሁ ትንሽ ልቆይበት፤ ለእኛ ብዙ ተስፋ ያለው እዚህ ላይ ነውና። የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኤታኖል ያመረቱ ናቸው፤ ማለትም ይህ ፈሳሽ ከሸንኮራ አገዳችን ይወጣል። መርዛማነቱ ከሜታኖል ጋር አይወዳደርም፤ አፈር ውስጥና ውኃ ውስጥም በቀላሉ ይበሰብሳል። ቅጠል ለመዘፍዘፍ ብቻ ሳይሆን በኤች ፒ ኤል ሲው ውስጥም በአሴቶናይትራይል ፈንታ ሊሄድ ይችላል። ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው አልተጠቀመበትም? ምክንያቶቹ እውነተኛ ስለሆኑ ልደብቃቸው አልፈልግም።

አንደኛው ውፍረቱ ነው። ኤታኖልና ውኃ ሲቀላቀሉ ድብልቁ ከሁለቱም የበለጠ ይወፍራል፤ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እኩል በእኩል አካባቢ ሲደርስ ውፍረቱ ከውኃ ሁለት እጥፍ ያልፋል። ወፍራም ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ሲነዳ ግፊቱ ይጨምራል፤ የቆየ ፓምፕም ይቃወማል። መፍትሔው ግን አስቸጋሪ አይደለም። ኮለሙን ወደ 50 ዲግሪ ብታሞቁት ውፍረቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ አብዛኞቹ የሲሊካ ኮለሞች እስከ 60 ዲግሪ ስለሚችሉ አይጎዱም። ፍጥነቱን ትንሽ መቀነስም ይረዳል። ሌላው የብርሃን ጉዳይ ነው። አሴቶናይትራይል የሞገድ ርዝመቱ እስከ 190 ናኖሜትር ድረስ የሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ ኤታኖል ግን ከ210 በታች ራሱ ብርሃኑን ይውጠዋል። ይህ ለአንዳንድ ሳፖኒኖች ችግር ነው። ለእኛ ዕለታዊ ሥራ ግን ብዙም አያሳስብም፤ ካፌይን የሚለካው በ273፣ ቲሞል በ274፣ በቡና ውስጥ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ በ325 ናኖሜትር አካባቢ ነውና። ከዚህ ሁሉ በላይ የማስጠነቅቃችሁ ስለ ንጽሕናው ነው። ለመጠጥ እንዳይውል ሌላ ነገር የተጨመረበት አልኮል ለጽዳት እንጂ ለመለኪያ አይሆንም፤ ናሙና ሳይጨመርበት አልኮሉን ብቻውን በብርሃን መለኪያ ሳታዩ ወደ መሣሪያው አታስገቡ።

ከፈሳሹ ዓይነት እኩል መጠኑም ወሳኝ ነው። 4.6 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ኮለም በ2.1 ሚሊሜትር ብትተኩትና ፈሳሹ በቱቦው ውስጥ የሚጓዝበትን ፍጥነት እንደነበረ ብታቆዩት፣ የሚያልፈው ፈሳሽ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል፤ በደቂቃ 1 ሚሊሊትር የነበረው 0.21 ይሆናል። መሣሪያው አዲስ ካልሆነ ቀጭኑን ኮለም ላይቀበል ይችላል፤ ያን ጊዜ ኮለሙን ማሳጠርም ቀላል የማይባል ቁጠባ ነው።

አሁን ደግሞ ከመሣሪያው በፊት ወዳለው ሥራ እንመለስ፤ እውነቱን ለመናገር ትልቁ ብክነት ያለው እዚያ ነው። በብዙ ቤተ ሙከራዎቻችን ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ሶክስሌት የሚባለው የመስታወት ዕቃ በፍራንትስ ፎን ሶክስሌት እ.ኤ.አ. በ1879 ሲሠራ የታሰበው ለወተት ስብ ነበር። ፈሳሹ ይፈላል፣ ይተናል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይመለሳል፣ ቅጠሉን ያጥባል፣ እንደገና ይፈላል። ታማኝ ዕቃ ነው፤ ግን ስንት ይበላል! ፈሳሹ ብዙ ጊዜ ከ150 ሚሊሊትር በላይ ነው። ማቀዝቀዣው ከቧንቧ ከሆነ፣ በደቂቃ አንድ ሊትር ብቻ ቢፈስ እንኳ በ6 ሰዓት 360 ሊትር ንጹሕ ውኃ ወደ ቱቦ ይሄዳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ያስላው፤ 18 ጀሪካን ነው፤ ለአንድ ናሙና። ሌላም ጉዳት አለ፤ ለሰዓታት መፍላት ራሱን ናሙናውን ይለውጠዋል። የዝንጅብሉ ጂንጀሮል በሙቀት ውኃ እያጣ ሾጋኦል ወደሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ዝንጅብሉ ያልነበረውን ሾጋኦል በራሱ ዕቃ ፈጥሮ «ከዝንጅብሉ አገኘሁ» ብሎ ይመዘግባል።

የድምፅ ሞገድ መታጠቢያ፣ ብዙ የጥርስና የመነጽር ቤቶች ዕቃ የሚያጥቡበት ዓይነት፣ ይህን ሥራ በደቂቃዎች ይጨርሳል። በ40 ኪሎኸርዝ አካባቢ የሚርገበገበው ሞገድ በፈሳሹ ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጥራል፤ አረፋዎቹ ሲፈነዱ የቅጠሉን ሕዋስ ይሰብሩታል። ግማሽ ግራም ዱቄትና 10 ሚሊሊትር የኤታኖልና የውኃ ድብልቅ ይበቃል። የሚፈለገው ጥንቃቄ መታጠቢያው ሲቆይ ስለሚሞቅ ሙቀቱን መከታተል፣ እንዲሁም ያው ቅጠል ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ሲዘፈዘፍ ምን ያህል እንደቀረበት መመርመር ነው። ለአንዳንድ ቅጠል ደግሞ መሣሪያም አያስፈልግም፤ የፈላ ውኃ ይበቃል። የፈላ ውኃ ስል ግን የጅማ የፈላ ውኃ ማለቴ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኤታኖልም በ78 ፈንታ በ73 ይፈላል። ከውጭ የተገኘ ዘዴ «ለ10 ደቂቃ አፍላ» ሲል እዚያ 100 ዲግሪ ነው። የጅማ እናት የምታፈላው ሻይ በ94 ነውና መለካት ያለበትም እርሱ ነው።

ጅማ ላይ ቆሜ ስለ ቡና ሳልናገር አልወርድም። ካፌይን በማውጣት ታሪክ ውስጥ የፈሳሾችን ጉዳይ ከዳር እስከ ዳር ማየት ይቻላል። በጀርመን የብሬመኑ ነጋዴ ሉድቪግ ሮዜሊዩስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካፌይን የወጣለት ቡና ለገበያ ሲያቀርብ የተጠቀመው ቤንዚንን ሳይሆን ቤንዞል የሚባለውን፣ ዛሬ ካንሰር እንደሚያመጣ የምናውቀውን ፈሳሽ ነበር። ከዚያ ክሎሪን ያለበት ዳይክሎሮሜቴን የሚባል ፈሳሽ መጣ። በ1960ዎቹ ደግሞ ኩርት ዞሰል የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት የተጨመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካፌይንን ከቡና ሊያወጣ እንደሚችል አሳየ፤ ይህ ጋዝ ከ31 ዲግሪና ከ74 ባር በላይ ሲሆን እንደ ጋዝ ዘልቆ እንደ ፈሳሽ ያሟማል፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ተንኖ ይሄዳል፤ ዝቃጭ አይተውም። ኢንዱስትሪው ቤንዞልን ትቷል፤ ዳይክሎሮሜቴንንም ብዙዎች እየተዉት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 አብዛኛውን የዳይክሎሮሜቴን አጠቃቀም ከልክሏል። እኛ ግን በማስተማሪያ ቤተ ሙከራዎቻችን ካፌይን ለመለካት ዛሬም ቡናውን በዳይክሎሮሜቴን እናናውጣለን።

ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ይታወቃል። በቡና ውስጥ ክሎሮጀኒክ አሲዶች ከካፌይን ብዙ እጥፍ ስለሚበልጡ በብርሃን መለኪያ ላይ የካፌይኑን ምልክት ይሸፍኑታል፤ ዳይክሎሮሜቴኑ ካፌይኑን ነጥሎ ያወጣል። ነገር ግን ኤች ፒ ኤል ሲ ካለ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ቡናውን በሙቅ ውኃ ማፍላት፣ ማጣራት፣ ማቅጠንና ማስገባት በቂ ነው፤ መነጠሉን ኮለሙ ይሠራዋል። ኤች ፒ ኤል ሲ ባይኖርም የብርሃን መለኪያው ከሚሰጠው ሙሉ መስመር ውስጥ የካፌይኑን ድርሻ በስሌት መለየት ይቻላል፤ አንድ ኮምፒውተር ይበቃል። ጥሬውን ቡና ሳይነኩት በቅርብ ታህተ ቀይ ብርሃን የሚያነብ መሣሪያም አለ። እርሱ መጀመሪያ በሌላ ዘዴ በተለኩ ብዙ ናሙናዎች መማር አለበት፤ ከተማረ በኋላ ግን አንድ ጠብታ ፈሳሽ አይፈልግም። መልኮ የቡና ምርምር ማዕከል አጠገባችን ባለበት ከተማ፣ ለዚህ የሚሆን የተለያየ ቡና እንደ ጅማ የቀረበለት ያለ አይመስለኝም።

አሁን አንድ ዘዴ አካባቢን ምን ያህል እንደሚጎዳ በነጥብ ስለ መመዘን ልናገር። አናስታስና ዋርነር የተባሉ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1998 የአረንጓዴ ኬሚስትሪን፣ ማለትም አካባቢን የማይጎዳ ኬሚስትሪን፣ 12 መርሆች ካወጡ በኋላ፣ በ2013 ጋሉሽካና ባልደረቦቿ ለመለኪያ ኬሚስትሪ የሚስማሙ ሌሎች 12 አወጡ፤ የመጀመሪያው «ከተቻለ ናሙናውን ሳታዘጋጅ በቀጥታ ለካ» የሚል ነው። ዘዴዎችን ለማወዳደርም መስፈርቶች ተሠርተዋል። ለተማሪ የምመርጠው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን ኢኮ ስኬል ነው፤ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይበቃዋልና። ከ100 ይጀመራል፤ ለእያንዳንዱ ጉዳት ይቀነሳል፤ ከ75 በላይ የቀረለት በጣም ጥሩ፣ ከ50 በላይ ተቀባይነት ያለው፣ ከዚያ በታች ደካማ ነው።

አብረን እናስላ። በሶክስሌትና በሜታኖል የሚሠራ ዘዴ አለን እንበል። የሜታኖል ጠርሙስ ላይ ሦስት የአደጋ ሥዕሎችና «አደገኛ» የሚል ቃል አለ፤ ይህ 6 ይሰጠዋል። ከ100 ሚሊሊትር በላይ ስለሆነ በ3 ይባዛል፤ 18። በመሣሪያው ውስጥ ለሚያልፈው ጥቂት አሴቶናይትራይል 4። ለሰዓታት ለሚነድ ምድጃ 2፣ ለትነት 3፣ ከ10 ሚሊሊትር ለሚበልጥ ዝቃጭ፣ ማለትም ለሚጣለው ፈሳሽ፣ 5፣ ዝቃጩ ሳይታከም በመቅረቱ 3። ድምሩ 35፤ የቀረው 65። ያንኑ ቅጠል በድምፅ ሞገድ፣ በጥቂት ኤታኖልና ውኃ፣ በተዘጋ ብልቃጥ ብንሠራው ለኤታኖሉ 4፣ ለኤሌክትሪኩ 1፣ ለዝቃጩ 5፣ ላለመታከሙ 3፤ ድምሩ 13፣ የቀረው 87። ልብ ብላችሁ ካያችሁት በሁለተኛው ዘዴ ከቀረው ጉዳት አብዛኛው የዝቃጩ ነው። ቀጣዩ ሥራችን የት እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይጠቁመናል፤ ኤታኖሉን አንጥሮ መልሶ ለመጀመሪያ እጥበት መጠቀም ያን 3 ያስቀራል።

ነገር ግን የሚያሳዝነኝን ልናገር። ይህ ነጥብ ሥራው ካለቀ በኋላ እንደ ጌጥ የሚለጠፍበት ጽሑፍ በዝቷል። ዘዴው ከመጀመሩ በፊት ያልታሰበ ነጥብ አንድ ሚሊሊትር አያድንም። ከዚህም የከፋው፣ ነጥቡ 90 የሆነ መልሱ ግን የተሳሳተ ዘዴ ነው። መልሱ ካልታመነ ሥራው ይደገማል፤ እንደገና ይደገማል፤ የተደገመ ሥራ ደግሞ ሁሉንም ፈሳሽ እጥፍ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ነጭ የመለኪያ ኬሚስትሪ በሚል ስም የቀረበው ሐሳብ ይህን ያረመ ነው፤ የመልሱ ትክክለኛነት፣ ለአካባቢ ያለው ደኅንነትና ለሠራተኛው ያለው አመቺነት እኩል እንዲመዘኑ ይጠይቃል። መብራት በሥራ መሐል በሚጠፋበት፣ ኮለሙ እንደገና በሚታጠብበት ቤተ ሙከራ ውስጥ በ8 ደቂቃ የሚያልቅ ዘዴ በ40 ደቂቃ ከሚያልቀው የሚሻለው ለምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

አንዳንዱን ልኬት ደግሞ ጨርሶ መተው ይሻላል። በየቅጠሉ ላይ «ጠቅላላ ፌኖል» በፎሊን ፈሳሽ መለካት ልማድ ሆኗል። ፈሳሹ ተንግስተንና ሞሊብደን የተባሉ ብረቶች አሉት፤ ከፌኖል ሌላ ቫይታሚን ሲንም አንዳንድ ስኳሮችንም ይቆጥራል። ምክንያት ያለው ሰው ይለካው፤ 96 ጉድጓድ ባለው ሳህን ላይ በአሥር ሚሊሊትር ፈንታ በ0.3 ሚሊሊትር ይሥራው። ጽሑፉ ሠንጠረዥ እንዲበዛለት ብቻ የሚለካ ግን ባይለካ ይሻላል።

ከንግግሩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ተነሥቷል፤ ሁለቱን እዚህ አሰፍራለሁ። አንዲት እናት፣ ለረጅም ዓመታት በዕፅዋት ሲያክሙ የኖሩ፣ «ልጄ፣ እኔ ቅጠሉን በእፍኝ ነው የምሰፍረው፤ የእናንተ ማሽን ለእኔ ምን ይሠራልኛል?» አሉኝ። እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «እማማ፣ ከማሽኑ በፊት ሚዛን ይሥራልዎት። የእርስዎ እፍኝ እርጥብ ጤና አዳም ሲይዝና ደረቅ ሲይዝ በጣም ይለያያል። ጤና አዳም ደግሞ ማኅፀን የሚያነሳሳ፣ ቆዳንም ለፀሐይ የሚያጋልጥ ንጥረ ነገር ስላለው ለነፍሰ ጡር የሚያሰጋ ቅጠል ነው። እፍኝዎን እርጥቡንም ደረቁንም በሚዛን እንመዝግብ፤ ውኃው ስንት ስኒ እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈላ እንጻፍ። እኛ የምንለካው ልክ እንደ እርስዎ አፍልተን ይሆናል።» እሳቸውም የአንድ ሳምንት ዝግጅታቸውን ይዘው ሊመጡ ተስማምተዋል።

አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ደግሞ አዲስ መሣሪያ እስኪገዛ ድረስ ከየት መጀመር እንደሚችል ጠየቀ። ነገ ጠዋት መጀመር ይችላል። በልቀት ገንዳው አጠገብ ሁለት ጠርሙሶች ይቀመጡ። አንዱ ክሎሪን ላለባቸው እንደ ክሎሮፎርምና ዳይክሎሮሜቴን ላሉት፣ ሌላው ለኤታኖልና ለመሰሎቹ ይሁን፤ ጥቂት ክሎሮፎርም የገባበት ኤታኖል ተነጥሮ ለሥራ አይመለስምና ሁለቱ መቀላቀል የለባቸውም። ጠርሙሶቹ ላይ ቀን፣ የፈሳሹ ስምና መጠን ይጻፍ፤ ገንዳው ላይ ደግሞ ምንም እንዳይደፋ የሚከለክል ወረቀት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይለጠፍ። ወሩ ሲያልቅ ጠርሙሶቹ ይለኩና ቁጥሩ በዚያ ወር ለተመረመሩት ናሙናዎች ይካፈል፤ ቀጣዩን ዘዴ ሲመርጥ የሚያወዳድርበትን ቁጥር ከዚያ ያገኘዋል።